«ከባድ ማርሽ» የቱ ነው? ስለ ብስክሌት ካምቢዮ በተዘጋጀ አንድ የትርጉም ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ለሒስ የቀረበው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። በማተሚያ ቤት አልታተመም፤ በመጻሕፍት መደብርም አይገኝም። «የብስክሌትን የኋላ ማርሽ መቀየሪያ በቤት ውስጥ ስለ ማስተካከል» የሚል አርእስት ተሰጥቶት፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በሚኖሩ ብስክሌተኞች እጅ የገባ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰው የዚህ ሒስ አቅራቢ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የሚነቀፈው ሁሉ በገዛ እጄ የተጻፈ መሆኑን አንባብያን አስቀድመው እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። የራስን ሥራ መተቸት ትሕትና ለማሳየት የሚደረግ ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ጽሑፉ ሰው ጥሏል።

ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባን በተለያየ አቅጣጫ ያዋስናሉ፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። ለብስክሌተኛ ሜዳ ብቻ የሆነ መንገድ ያለው ከተማ ከሦስቱ የለም ማለት ይቻላል። በተለይ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የእንጦጦን ጀርባ መውጣት፣ ከዚያም በሌላው ወገን መውረድ ግዴታው ነው። በእንዲህ ያለ አገር ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ቅንጦት አይደለም። ማርሹ አልቀየር ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል፤ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ለጥገና አዲስ አበባ ድረስ ይወስዳል። ጎማ የሚለጥፍ፣ ከመነዳሪ የሚቀይር፣ ፍሬን የሚያጠብቅ ሰው በየመንገዱ ዳር አይታጣም። የኋላውን ካምቢዮ አስተካክሎ የሚመልስ ግን እኔ ባየሁት መጠን ጥቂት ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት በሰበታ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች ይህንኑ ችግራቸውን ስላዋዩኝ ነው።

የምጽፈው ለቋንቋ ሰዎች እንደ መሆኑ፣ የዕቃውን አሠራር ባጭሩ ማስታወስ ይገባኛል፤ የቃላቱ ጣጣ ያለ እርሱ አይገባምና። በኋላው ቸርኬ እምብርት ላይ መጠናቸው የተለያየ ጥርሳም ቀለበቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ትልቁ ወደ ቸርኬው ተጠግቶ በውስጥ በኩል፣ ትንሹ በውጭ በኩል ይገኛል። ሰንሰለቱን ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው የሚያሻግረው ከቀለበቶቹ ሥር የተንጠለጠለው፣ ሁለት ትንንሽ ፑሌጃዎች ያሉትና እንደ ክንድ የሚተጣጠፈው ዕቃ ነው። ከመሪው የሚመጣው ሽቦ ሲሳብ ዕቃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦው ሲለቀቅ ሞላ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ከመጠን እንዳያልፍ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይገድቡታል፤ አንደኛው ወደ ውጭ፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ። የውጭው ገደብ ሲላላ ሰንሰለቱ ከትንሹ ቀለበት አልፎ ይወድቃል፤ ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። የውስጡ ገደብ ሲላላ ግን ሰንሰለቱ ትልቁን ቀለበት ተሻግሮ በቸርኬው ዘንጎች መካከል ይገባል፤ ይህ አደጋ ነው። ከዚህ ሌላ ሽቦው ወደ ካምቢዮው በሚገባበት ቦታ በጣት የሚዞር፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ጠምዛዛ አለ፤ የሽቦው ውጥረት የሚመጠነው በእርሱ ነው።

የመጀመሪያው ወሬ የመጣው ከሱሉልታ ነው። በዚያ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ፣ ቀድሞ በሚኒባስ ረዳትነት የሠራ ሲሆን፣ ባለ ስምንት ቀለበት ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ነበር። ሰንሰለቱ ወደ ትንሹ ቀለበት አልወርድ ቢለው ጽሑፌን አወጣ፤ ካቻቢቴውን ይዞ በደጃፉ ሥራውን ጀመረ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሰንሰለቱ ወደ ከባዱ ማርሽ አልደርስ ካለ የከባዱን ማርሽ ገዳቢ ብሎን ሩብ ዙር አላላ። ወደ ቀላሉ ማርሽ አልደርስ ካለ የቀላሉን ማርሽ ገዳቢ ብሎን ሩብ ዙር አላላ። ሰንሰለቱ ለመውረድ ከዘገየ በበርሜል ማስተካከያው ሽቦውን አላላ።» በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች የሰዋስው ስሕተት የለም፤ ከእንግሊዝኛውም የራቁ አይደሉም። ልጁ እንደ ተጻፈለት ሠራ፤ አልሻል ሲለው ጨመረበት። በማግስቱ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ወደ ትልቁ ቀለበት ቀየረ፤ ሰንሰለቱ ቀለበቱን ዘሎ በቸርኬው ዘንጎች መካከል ተሰነቀረ፤ ካምቢዮው ተገነጠለ፤ እርሱም ከነብስክሌቱ አስፋልት ላይ ወደቀ። ጉዳቱ በክርንና በጉልበት መላላጥ ብቻ የቀረው በዚያች ሰዓት ከኋላው መኪና ባለመኖሩ ነው። ማታ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ እርስዎ የጻፉትን አንድም ሳላጎድል ነው የሠራሁት» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ስሕተቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ከባድ ማርሽ» በሚለው ሐረግ ላይ ይገኛል።

በዕቃው ላይ ብዙውን ጊዜ «ኤች» እና «ኤል» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ የመጀመሪያው ለከፍተኛው፣ ሁለተኛው ለዝቅተኛው ማርሽ ነው። በኋላው ወገን ከፍተኛ የሚባለው ማርሽ ትንሹ ቀለበት፣ ዝቅተኛ የሚባለው ትልቁ ቀለበት ስለ ሆነ፣ ስያሜው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጀማሪም ግራ የሚያጋባ ነው። እኔም ይህን ለመሸሽ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚሉትን ትቼ በእግር ስሜት ተመራሁ፤ በትንሹ ቀለበት ላይ ፔዳሉ ስለሚከብድ «ከባድ»፣ በትልቁ ላይ ስለሚቀል «ቀላል» አልኩ። በዚያን ጊዜ መፍትሔው አምሮኝ ነበር። ነገር ግን በሾፌሮች አማርኛ «ከባድ ማርሽ» ማለት ፍጹም ተቃራኒው ነው። ዳገት ሲወጣ ወይም ቁልቁለት ሲወረድ መኪናውን አፍኖ ለመያዝ የሚገባው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ማርሽ፣ ማለትም እንግሊዝኛው ዝቅተኛ የሚለው፣ ከባድ ማርሽ ይባላል። ሾፌሩ ክብደትን የለካው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ብስክሌተኛው በገዛ ጭኑ። ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሐረጉም አንድ ነው። በሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ያደገው የእኅቴ ልጅ ለሜዳና ለቁልቁለት የሚሆነውን ትንሹን ቀለበት «ቀላል ማርሽ» ብሎ ቢረዳ ምን ይገርማል? የቀላሉን ገዳቢ ብሎን አላላ፤ ያላላው የውስጡን ገደብ ነበር።

በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ፍቺዎች መኖራቸው ለዚህ መጽሔት አንባብያን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ቢያንስ ለእኔ፣ ተቃርኖው በዘመንና በአገር ሳይሆን በሙያ መከፈሉ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማእከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመውን አማርኛ መዝገበ ቃላትም ሆነ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚያነብ ተርጓሚ ብዙ ያገኛል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ከእነርሱ ተምሬአለሁ። ሆኖም የቃላት መሰብሰብ ልማዳችን ከብራናና ከመጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ንግግር የወረደ እንጂ ከጋራዥ ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ አይደለም። እንደ «ከባድ ማርሽ» ያለ ጥምር ቃል በመዝገብ ሲሰፍር፣ «በመኪና» ተብሎ አንድ ፍቺ፣ «በብስክሌት» ተብሎ ሌላ ፍቺ እንዲሰጠው ያስፈልጋል። የሙያ ምልክት የሌለበት ፍቺ በእንዲህ ያለ ቦታ ከፍቺ አልባነት የባሰ ነው፤ ፍቺ ያላገኘ ተርጓሚ ይጠይቃልና።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም መልሱ በአማርኛ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። በጣት የሚዞረውን ጠምዛዛ እንግሊዝኛው በቅርጹ ምክንያት በበርሜል ስም ይጠራዋል። እኔም «የበርሜል ማስተካከያ» አልኩት። ጽሑፉን ያሳየሁት የቡራዩ ጠጋኝ ቃሏን ሲያነብ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ በርሜሉን ከየት ላምጣው?» አለኝ። ለእርሱ በርሜል የነዳጅ ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ለእኔም እንዲሁ፤ ለማን እንደ ጻፍኩት አላውቅም።

ከስሙ ይልቅ ግሡ ነው የጎዳው። ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ ይህን የማያውቅ እጅ የለም። ይህ ጠምዛዛ ግን ወደ ግራ ሲዞር ከተተከለበት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲወጣ የሽቦውን ልባስ ይገፋል፤ ልባሱ ሲገፋ በውስጡ ያለው ሽቦ ይወጠራል። ስለዚህ ጠምዛዛውን ማላላት ሽቦውን ማጥበቅ ነው። «በማስተካከያው ሽቦውን አላላ» የሚለውን ያነበበ ሰው እጁ ያለው በጠምዛዛው ላይ ስለ ሆነ ጠምዛዛውን ያላላል፤ የእኅቴ ልጅም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሽቦው የባሰ ተወጠረ፤ ካምቢዮው ወደ ውስጥ ተሳበ፤ በዚያ በኩል ደግሞ ገደቡ አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ አቅጣጫ መተባበራቸው ነው ሰንሰለቱን ከዘንጎቹ መካከል ያደረሰው።

ያው የቡራዩ ጠጋኝ ብስክሌት ሲፈትሽ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሽቦውን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ረግቧል፤ ትንሽ ወጠር ላድርገው» አለ። እኔ በእንግሊዝኛው አንድ ግሥ ታስሬ ለብሎንም ለሽቦም «ማጥበቅ» እና «ማላላት» ስል፣ ቋንቋው ሁለት ጥንድ ግሦች ነበሩት። ብሎን ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ገመድና ሽቦ፣ የድንኳን አውታርና የክራር ጅማት ግን ይወጠራል፣ ይረግባል። «ሽቦውን ለማርገብ ጠምዛዛውን አጥብቅ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ሐሳብ ተጋጭቶ የሚነበብ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ምንም ግጭት የለበትም። አንዱ ቋንቋ በአንድ ቃል የሚያምታታውን ሌላው በሁለት ቃል ለይቶ ሲያስቀምጥ ተርጓሚው መጠቀም እንጂ ማጣበብ አልነበረበትም።

ስለ ማጥበቅና ስለ ማላላት ከተነሣ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በሰዋስዋችን እነዚሁ ቃላት የድምፅ መጥበቅና መላላት ስያሜዎች ናቸው፤ ፊደላችን ግን ይህን ለይቶ አያሳይም። በጽሑፌ ውስጥ «ድምፅ ከሰማህ የሚነካውን ቀለበት ፈልግ» የሚል ትእዛዝ አለ። «የሚነካው» ላልቶ ሲነበብ ሌላውን የሚነካ ቀለበት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በሌላው የሚነካ ቀለበት ነው። የሰበታዎቹ ወጣቶች አንዱን፣ የቡራዩው ጠጋኝ ሌላውን አንብበዋል። እዚህ ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ሁለቱም ሰንሰለቱ የሚፋተገውን ጎረቤት ቀለበት አግኝተዋል። ነገር ግን ለእጅ ሥራ የሚጻፍ ትእዛዝ በዐውድ ይታረማል ብሎ መተው አይቻልም። የእጅ ሥራ አንባቢ ገጹን የሚያየው በአንድ ዐይኑ ነው፤ ጣቶቹም በቅባት የተለወሱ ስለ ሆኑ ገልጦ ወደ ኋላ አይመለስም። «ሰንሰለቱ የሚፋተገውን ቀለበት» ቢባል ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር።

«ጥርስ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ችግር ፈጥሯል፤ ባጭሩ ልለፈው። እንግሊዝኛው ለቀለበቱና በቀለበቱ ዙሪያ ላሉት ሾጣጣዎች ሁለት ስሞች ሲኖሩት፣ እኔ ለሁለቱም «ጥርስ» አልኩ። «ከሦስተኛው ጥርስ ወደ አራተኛው ጥርስ አሻግር» የሚለውን ያነበበ አንድ የሰበታ ልጅ የትንሹን ቀለበት ጥርሶች አንድ በአንድ ቆጥሯል። በሁለተኛው እትም «ቀለበት» ብዬ ለይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው ስም ልምጣ፤ በዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አልተስማማሁም። ብዙ ቋንቋዎች የወሰዱት ስያሜ የፈረንሳይኛው «ደራዬር» ነው። ቃሉ የተመሠረተው «ከሐዲድ አወጣ» ከሚል ግሥ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ «ቬሎሲዮ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ ማርሽ የሚቀይሩ ብስክሌቶችን በፈረንሳይ ሲያስተዋውቅ፣ ሰንሰለትን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ሌላ መንገድ መጣል የሚለው ሐሳብ እንግዳ ነበር። ዕቃው በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ቃሉን በቃሉ መልሰን «ከሐዲድ አውጪ» እንበል ብንል ምን ይደርሳል? በአገራችን ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰበት እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ «ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ» የሚለው ወሬ የአደጋ ወሬ ነው። ደኅና ሲሠራ የሚያገለግለንን ዕቃ በብልሽት ስም መጥራት ይሆናል።

ቀጥሎ የቀረበው «ሰንሰለት አሻጋሪ» የሚለው ነው። እኔ ራሴ ለጥቂት ወራት ወድጄው ነበር፤ ሥራውን ይገልጻልና። ችግሩ በአማርኛ «አሻጋሪ» ሲባል በክረምት መንገደኛን ከወንዝ ወዲያ ማዶ የሚያደርስ ሰው በአእምሮ መምጣቱ ነው፤ ለዕቃ የሚስማማው የመሣሪያ ስም «ማሻገሪያ» ነው፤ እርሱ ደግሞ ከ«መሻገሪያ»፣ ከድልድይና ከመልካ ጋር ይቀላቀላል። «የማርሽ መቀየሪያ» የሚለው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሌላ እንከን አለበት፤ በመሪው ላይ ያለው፣ በጣት የሚገፋው ዕቃ ራሱ የማርሽ መቀየሪያ ነው። «መቀየሪያውን ወደ ውስጥ ግፋ» የሚለውን አንብቦ አንዱ መሪውን፣ ሌላው የኋላውን ቸርኬ ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ በሁለተኛው እትም «ካምቢዮ» ብዬ ጽፌአለሁ። ባልደረቦቼ የነቀፉኝ በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ የጣሊያንኛ ቃል ነው፣ ሁለተኛ በመኪና ሌላ ዕቃ ያመለክታል በማለት። ለመጀመሪያው መልሴ የሚከተለው ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፒንሳ፣ ቸርኬ ሁሉም ከዚያው ምንጭ ገብተው በአማርኛ ድምፅና ርባታ ተገርተዋል፤ «ዳዶዎቹን»፣ «በካቻቢቴው» ስንል የማንንም ፈቃድ አንጠይቅም። ጣሊያኖችም የኋላውን ዕቃ የሚጠሩት «ካምቢዮ» ብለው ሲሆን፣ ከፈረንሳይኛው የተገኘውን ቃል የሚሰጡት ከፔዳሉ ወገን ላለው ለፊተኛው ነው፤ ስፓኞችም ለኋላው የሚሉት «ካምቢዮ» ነው። ዘመናዊውን መልክ ለዕቃው ከሰጡት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ መሆኑን ስናስታውስ ስሙ እንግዳ አይሆንም። ብስክሌተኞቻችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ ኢትዮጵያ በመጀመሪያ በተሳተፈችበት ውድድር፣ ተሰልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት ዕቃው በአፍ ሲጠራ ኖሯል፤ የጎደለው በጽሑፍ የሚመዘግበው ነው።

ለሁለተኛው ነቀፌታ «መፍቻ» በሚለው ቃል እመልሳለሁ። መፍቻ ከመፍታት የወጣ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ዳዶ እናጠብቅበታለን። «በመፍቻ አጥብቅ» ሲባል ማንም ሰው ተምታቶበት አያውቅም። ስም ሥራን ሁሉ ማብራራት የለበትም፤ የሚጠበቅበት አንዱን ዕቃ ከሌላው መለየት ነው። በብስክሌት ላይ የመኪና ካምቢዮ ስለሌለ መምታታት የለም። ግሡ ግን የሚያዝዘው ስለ ሆነ ሁለት ፍቺ ሊኖረው አይገባም። በእኔ ጽሑፍ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ በስሙ ላይ ስጨነቅ ከርሜ ግሡን እንዳገኘሁት ጻፍኩ። በአጠቃላይ የቃላት ስየማ ሥራችን ይህ ዝንባሌ ያለበት ይመስለኛል። ርእዮተ ዓለም፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ሕይወት የሚሉትን ስሞች በሚገባ ቀርጸናል፤ አንድን ነገር በእጅ ለመሥራት የሚያገለግሉትን ግሦች ግን በእኩል ትጋት አልሰበሰብንም። ከግእዝ የተነሣ ስያሜም መንገዱን ራሱ እንደሚመርጥ አይዘነጋም። «መንኮራኩር» የሠረገላ ጎማ ነበር፤ ዛሬ ወደ ጠፈር ወጥቷል፤ ወደ ብስክሌት እንዲመለስ ብንለምነው እሺ አይለንም።

ሌላም ምክንያት አለ። በሦስቱ ከተሞች ጽሑፉን በአማርኛ ያነበበ ሰው ለጎረቤቱ የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ ነው። ጎማና ፍሬን በሁለቱም ቋንቋዎች አፍ ላይ ያሉ ናቸው። «ሰንሰለት አሻጋሪ» ቢባል አስረጂው እንደገና መተርጎም ይኖርበታል፤ በእያንዳንዱ ትርጉም አንድ የስሕተት በር ይከፈታል።

በአንድ ነገር ላይ ግን አሁንም አልወሰንኩም። እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓኑ ሺማኖ እጀታው በተጫነ ቁጥር «ቀጭ» እያለ በልክ አንድ ቀለበት ብቻ የሚያሻግር ሥርዓት አወጣ። ከዚያ በፊት አሽከርካሪው ትክክለኛውን ቦታ በጆሮውና በጣቱ ይፈልግ ነበር። በባለ ስምንት ቀለበት ብስክሌት ከአንዱ ቀለበት መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 4.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በባለ ዐሥር ቀለበት ወደ 3.95 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ቀለበቱ በበዛ መጠን ሽቦው ላይ የሚፈቀደው ስሕተት ያንሳል። ይህን በጠምዛዛው ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ማስተካከል ምን ይባል? «ቅኝት» የሚለው ይስበኛል። ክራር የሚቃኝ ሰውም ጅማቱን ይወጥራል፣ ያረግባል፣ ያዳምጣል፤ ሥራው አንድ ነው። ይሁን እንጂ ቅኝት የጥበቃና የአሰሳ ስምም ነው፤ ቃሉ ማማሩም ራሱ ያጠራጥረኛል፤ ያማረኝ ስላማረኝ ብቻ «ከባድ ማርሽ» ላይ ምን እንዳደረሰ አይቻለሁና። ለጊዜው «ማስተካከል» ብዬ ትቼዋለሁ።

የታረመው ክፍል አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ብስክሌቱን የኋላ ቸርኬው በነጻ እንዲዞር አድርገህ ስቀለው። ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ ቀለበት አውርድ። ከብስክሌቱ ጀርባ ቁመህ ተመልከት፤ የካምቢዮው የላይኛዋ ፑሌጃ በትክክል ከትንሹ ቀለበት ሥር መሆን አለባት። ወደ ውስጥ ገብታ ከሆነ የውጭውን ወሰን ብሎን ወደ ግራ ሩብ ዙር አላላ፤ ወደ ውጭ አልፋ ከሆነ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አጥብቅ። ከዚያ ፔዳሉን በእጅህ እያዞርክ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ ቀለበት አውጣ። ካምቢዮውን በእጅህ ወደ ቸርኬው ገፋ አድርገህ ፈትን፤ ሰንሰለቱ ትልቁን ቀለበት አልፎ ወደ ዘንጎቹ የሚሄድ ከሆነ የውስጡን ወሰን ብሎን አጥብቅ። ይህን ሳትፈትን ወደ መንገድ አትውጣ። ሰንሰለቱ ወደ ትልቅ ቀለበት ለመውጣት ቢዘገይ ሽቦው ረግቧል፤ ከኋላ ሆነህ ጠምዛዛውን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙርና ወጥረው። ወደ ትንሽ ቀለበት ለመውረድ ቢዘገይ ሽቦው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዙርና አርግበው።»

«ከባድ»፣ «ቀላል»፣ «ከፍተኛ»፣ «ዝቅተኛ» የሚሉት ቃላት ከገጹ ወጥተዋል። በምትካቸው የገቡት «የውጭ ወሰን» እና «የውስጥ ወሰን» የሚታዩ እንጂ የሚገመቱ አይደሉም፤ ሾፌርም ሆነ ብስክሌተኛ ቸርኬው በየት በኩል እንዳለ ያያል። «ኤች» እና «ኤል» የሚሉትን ፊደላት በግርጌ ሥዕል ላይ ብቻ አስቀርቻለሁ። በጽሑፉ ዐይነተኛ ማስጠንቀቂያ የሆነውን የውስጥ ወሰን ፈተናም ከመጀመሪያው እትም መጨረሻ አንሥቼ ወደ መካከል አምጥቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ሁሉ በመጨረሻ ያስቀምጠዋል ብዬ ነበር የተከተልኩት።

የታረመውን ቅጂ ለእኅቴ ልጅ ወደ ሱሉልታ ልኬለት በሌላ ካምቢዮ ሠርቶበታል። አንድ ነቀፌታ ብቻ ይዞ መጣ። ካምቢዮው ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያዝባትን ትንሽ የብረት ቅጥያ «ማንጠልጠያ» ብያት ነበር፤ ብስክሌት ሲወድቅ ቶሎ የምትጣመመው እርስዋ ናት፤ ከተጣመመች ደግሞ ምንም ዐይነት ብሎን ቢዞር ካምቢዮው አይስተካከልም። «ማንጠልጠያ የልብስ ነው» አለኝ፤ «እኛ ጆሮ ነው የምንላት፤ እንደ ድስት ጆሮ»። ጀርመኖች ይህችኑ ብረት በዐይን፣ ፈረንሳዮች በእንስሳ እግር ይሰይሟታል። በሦስተኛው እትም «ጆሮ» ተብላ ትገባለች፤ «ጆሮዋ መጣመም አለመጣመሟን መርምር» የሚለው ትእዛዝም ከሁሉ በፊት፣ በገጹ አናት ላይ ይሆናል።